የደርግ ዘመን ብሔራዊ ውትድርና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አባት፣ አጎት ወይ ጎረቤት የዘመተባቸው ልጆች በየጊዜው የሚጠይቁትን ሰብሰብ አድርጌ መልሻለሁ፣ ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በኛ አቆጣጠር ነው።

ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ምንድነው? መቼ ተጀመረ?

ደርግ በ1975 ያወጣው አዋጅ ነው። ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ጤነኛ ሰው 6 ወር ይሰለጥናል፣ 2 ዓመት ያገለግላል፣ ከዛ ቤቱ ይገባና እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል፣ ባጭሩ ይሄው ነው። ወረቀቱን ብቻ ካየነው ብዙ ሀገር ያለ ዓይነት ህግ ነው፣ ግን የወጣው በሰላም ጊዜ አይደለም። ኤርትራ ውስጥ ጦርነቱ ሀያ ዓመት አልፎታል፣ በ1974 በቀይ ኮከብ ዘመቻ የሻዕቢያን (ለኤርትራ ነጻነት የሚዋጋው ግንባር) ዋና ምሽግ ናቅፋን እንይዛለን ተብሎ ያ ሁሉ ሰው አልቆ ናቅፋ አልተያዘችም፣ ትግራይ ውስጥም ውጊያው እየሰፋ ነው፣ መደበኛው ጦር ብቻውን እንደማይችለው ታውቋል። ስለዚህ አዋጁ ገና በሬዲዮ ሲነገር እናቶች የሰሙት "ልጅሽ ሰሜን ሊሄድ ነው" የሚለውን ነው።

የሄዱት ሰዎች ራሳቸውን የሚያስተዋውቁት በዙር ነው፣ አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር እያሉ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች "ስንተኛ ዙር ነህ?" ሲባባሉ ከሰማችሁ ስለዚሁ ነው የሚያወሩት፣ ከዛ በኋላ ወሬያቸው እስከ ማታ አያልቅም።

በ1969 ከዘመተው ሚሊሺያ ጋር አንድ ነው? ዕድገት በህብረትስ?

አይደለም፣ ሶስቱን ግን ሰው በጣም ያምታታል። ዕድገት በህብረት በ1967 የተጀመረ የተማሪና የመምህራን ዘመቻ ነው፣ ገጠር ወርደው መሃይምነትን እንዲያጠፉ፣ የመሬት አዋጁን ለገበሬው እንዲያስረዱ ነው የተላኩት፣ ውትድርና አልነበረም። ሚሊሺያው ደግሞ በ1969 መንግሥቱ ኃይለማርያም የእናት ሀገር ጥሪ ካወጀ በኋላ ከየገበሬ ማህበሩ ተሰብስቦ ታጠቅ ጦር ሰፈር የሰለጠነው ነው፣ የሶማሊያው ዚያድ ባሬ ጦር ሲገባ ብዙው ወደ ምስራቅ ሄደ፣ ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ ተዋጋ፣ የካራማራ ድልም የካቲት 26 ቀን 1970 መጣ።

ልዩነቱ ትዝታ ላይ በደንብ ይታያል። ሚሊሺያ የነበረ ሰው ስለ ካራማራ ሲያወራ ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሀገር ተወራ ነበር፣ ሄድን፣ መለስን፣ አለቀ። ብሔራዊ ውትድርና የሄደው ግን ከማን ጋር ለምን እንደሚዋጋ ገና ሳይገባው ነው ምሽግ የገባው፣ ከዛ ላይ መጨረሻው ሽንፈት ነው፣ ስለዚህ ዝም ይላል ወይም ይቀልዳል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት ጥያቄ አትጠይቋቸው።

ማን ነበር የሚወሰደው? ተማሪም ይሄድ ነበር?

ህጉ ላይ እድሜ አለ፣ መሬት ላይ ግን ኮታ ነበር። ለቀበሌውና ለገበሬ ማህበሩ ይሄን ያህል ሰው አምጡ ይባላል፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ቁጥሩን መሙላት አለበት። የልደት ሰርተፍኬት የሚባል ነገር አብዛኛው ሰው ስላልነበረው እድሜ የሚወሰነው በአይን ነው፣ ረዘም ያለ የ15 ዓመት ልጅ "አንተማ ደርሰሃል" ተብሎ ሄዷል፣ 30 ያለፈውም "ገና ነህ" ተብሎ ሄዷል። ተማሪ መሆን አንዳንዴ ያድናል፣ አንዳንዴ አያድንም፣ መታወቂያህን ማን እንዳየው ነው።

ዘመድ ያለው፣ ገንዘብ ያለው፣ ከሊቀመንበሩ ጋር የሚጠጣ ልጁን ያስቀራል። የደሃ ልጅ፣ ከገጠር ለቀን ስራ የመጣ ልጅ፣ ሊስትሮ፣ ወላጅ የሌለው፣ ከሊቀመንበሩ ጋር በድንበር የተጣላ ሰው ልጅ ይሄዳል። ይሄ ቂም በየሰፈሩ እስከዛሬ አለ፣ እነ እገሌ ቤትና እነ እገሌ ቤት ለምን እንደማይጠራሩ ሲጣራ የሚገኘው እዛ ጋ ነው።

አፈሳ የሚሉት እንዴት ነበር?

መጀመሪያ ላይ ጥሪው በስም ነበር የሚመጣው፣ ሰው ይመዘገባል፣ ይመረመራል፣ ቤተሰብ ስንቅ አዘጋጅቶ በሶውን ዳቦ ቆሎውን ቋጥሮ ይሸኘዋል፣ ቀበሌውም ይዘፍናል ያስጨፍራል። እየቆየ ሰው መደበቅ ሲጀምር ግን ስም ጠርቶ መጠበቁ ቀረ፣ ማፈስ መጣ። ገበያ ይከበባል፣ ኳስ ሜዳ ይከበባል፣ አውቶቡስ መናኸሪያ ይከበባል፣ ሌሊት አብዮት ጠባቂዎች ቤት ለቤት ይገባሉ፣ የተያዘው ኡራል የሚባለው የጦር ካሚዮን ላይ ይጫናል። ለእናቱ ስኳር ሊገዛ እንደወጣ የቀረ ልጅ ታሪክ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በጣም የባሰው ከመጋቢት 1980 በኋላ ነው። አፋቤት ላይ ጦሩ ሲመታ "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" የሚለው መፈክር መጣ፣ ከዛ በኋላ ያለው ዙር ስልጠናውም አጭር፣ ልጆቹም ትናንሽ ነበሩ፣ የቀድሞዎቹ ወታደሮች ራሳቸው "ጠመንጃው ከነሱ ይረዝም ነበር" ነው የሚሉት።

ሰው እንዴት ነበር የሚያመልጠው?

ኮርኒስ ውስጥ በመተኛት፣ ዘመድ ጋ ሌላ አውራጃ በመሄድ፣ ገጠር ከሆነ ማታ ማታ ጫካ በማደር፣ ጉቦ በመስጠት፣ ነጠላ ተከናንቦ ሴት በመምሰል (ይሄኛውን እየሳቁ ነው የሚያወሩት ግን እውነት ነው)፣ እግሩን አውቆ በማቁሰል፣ ሱዳን ኬንያ ጅቡቲ በመሰደድ። ዛሬ አሜሪካና አውሮፓ ካለው ሀበሻ ሽማግሌ "በሱዳን ነው የወጣሁት" የሚላችሁ ሁሉ ፖለቲከኛ አልነበረም፣ ጥቂት የማይባለው ውትድርና ሸሽቶ የወጣ የ19 ዓመት ልጅ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ያመለጠው ሰው ባመለጠ ቁጥር ኮታው አይቀንስም፣ በሱ ፋንታ ሌላ ሰው ይሄዳል። ይሄን የሚያውቁ ስላሉ ነው ያመለጡትም ስለዛ ጊዜ ማውራት የማይወዱት።

ስልጠናው የት ነበር? ምን ይመስል ነበር?

ታጠቅ፣ ጦላይ፣ ሁርሶ፣ ብርሸለቆ፣ ብላቴ፣ የሚጠቀሱት እነዚህ ናቸው። አባታችሁ የት እንደሰለጠነ ካወቃችሁ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል፣ ሁርሶ ያለ ሰው ሙቀቱን ያወራል፣ ጦላይ ያለ ወባውን ያወራል።

ይዘቱ ያው ነው፣ ጠዋት ሩጫ፣ ሰልፍ፣ ክላሽ መፍታትና መግጠም፣ ኢላማ፣ ምሽግ ቁፋሮ፣ ከዛ የፖለቲካ ትምህርት። የፖለቲካው ክፍል ላይ ብዙው ሰው እንቅልፉን ይተኛ ነበር፣ ኮሚሳሩ ስለ ማርክስ ሲያወራ አማርኛ እንኳን በደንብ የማይሰማ የወላይታ ወይ የከምባታ ገበሬ ልጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሏል። አማርኛ እዛ ነው የተማርኩት የሚል ሰውም ብዙ ነው፣ መጀመሪያ የተማረውም ትዕዛዝና ስድብ ነው።

ግንባር ላይ ምን ይበሉ ነበር? ኑሮው እንዴት ነበር?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ጦርነቱ ነው፣ እነሱ ግን ከሁሉ በላይ የሚያስታውሱት ውሃ ነው። ከደጋ የመጣ ልጅ፣ ምንጭ አጠገብ ያደገ፣ ሳህል ተራራ ወይ ምፅዋ አካባቢ ያለው በረሃ ላይ ተተከለ። ውሃ በቦቴ ይመጣል፣ መንገዱ ከተመታ አይመጣም፣ የመጣው ደግሞ ለምሽጉ በኮዳ ክዳን እየተለካ ይታደላል። የማውቃቸው አንድ ጋሼ እስካሁን ብርጭቆ ውስጥ የተረፈ ውሃ ሲደፋ አይወዱም፣ የልጅ ልጃቸው አንዴ ግማሽ ብርጭቆ ወደ ደጅ ስትረጭ ተነስተው ወጥተው ሄዱ፣ ምንም አላሉም፣ እሷም ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ሚስታቸው ናቸው በኋላ "ተይ ልጄ ከበረሃው ነው" ያሏት።

ምግቡ ኮቸሮ ነው፣ ድንጋይ የመሰለ ደረቅ ነገር፣ ሻይ ካለ ይነከራል፣ ሻይ ከሌለ በክላሹ ሰደፍ ተሰብሮ ይቆረጠማል። ወጥ ቤቱ በቀረበበት ቦታ ትኩስ ምግብ ይመጣል፣ ምስርና ሩዝ ምናምን፣ ወደ ፊት በሄድክ ቁጥር ግን ኮቸሮው ብቻ ይቀራል። ከቤት የመጣ በሶ ያለው ልጅ ለሁለት ቀን ንጉስ ነው፣ በውሃ እጥረት ምክንያት ደረቁን በሶ በእፍኝ ይቅሙታል፣ ያንቃል፣ ይስቃሉ። ቅማሉን ተዉት፣ ልብስ በእሳት ላይ እያራገፉ ሲንጣጣ የሚሰማውን ድምፅ ሳይቀር በአፋቸው እየሰሩ ያሳዩዋችኋል።

እንግዲህ እንዲህ ሆነው አንድ ምሽግ ውስጥ ወራት ይከርማሉ፣ ከፊት ለፊት ያለው ሻዕቢያ ሳልህን እስኪሰማ ድረስ የሚቀርብበት ቦታ አለ። ማታ ማታ በድምፅ ማጉያ አማርኛ እየተናገሩ "እጅ ስጡ፣ እናንተ የደሃ ልጆች ናችሁ" ይሏቸው እንደነበር የሚያወሩ አሉ፣ ከዚህኛው ወገን ደግሞ ስድብ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ዘፈን።

ደብዳቤ ይደርስ ነበር? ቤተሰብስ እንዴት ያውቅ ነበር?

ይደርስ ነበር፣ በጣም ዘግይቶ። አድራሻው ቦታ አይጠቅስም፣ የጦር ክፍሉ ቁጥርና የፖስታ ቁጥር ብቻ ነው። "እኔ ደህና ነኝ" የሚል ደብዳቤ ሲደርስ ልጁ ከሞተ ወራት ሊሆነው ይችላል። ማንበብና መጻፍ የማይችለው ጓደኛውን ያስጽፋል፣ ስለዚህ አንድ ጎበዝ ጸሐፊ ያለበት ሻምበል ውስጥ ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ "ከናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ፣ አንቺስ እንደምን ነሽ"፣ ስሙ ብቻ ይለያያል። ግንባሩ የት እንደሆነ መጻፍ ክልክል ስለሆነ "ሙቀት ያለበት ቦታ ነኝ" ይላሉ፣ እናትም ያንን ሰምታ ለጎረቤት "ምፅዋ ነው" ትላለች።

ከባዱ ነገር መርዶው ነው። ለብዙ ቤተሰብ በወግ የመጣ መርዶ የለም። ወሬ ይመጣል፣ አብሮት የነበረ ልጅ በፈቃድ መጥቶ ዓይኑን ሲሰብር ያውቃሉ፣ ወይም ደብዳቤ ይቆማል። በአንድ ሰፈር ያለ ለቅሶ የተቀበረ ስንት ወጣት አለ፣ ስንት እናት ናት ግንቦት 1983 ላይ ወታደር በእግሩ ሲመጣ መንገድ ዳር ወጥታ እየጠየቀች የዋለችው። ያን ጊዜ ልጅ የነበርን ሰዎች ሁሉ ይቺን እናት እናውቃታለን፣ ሰፈሩ ይለያይ እንጂ።

ሁለት ዓመት ሲሞላ ይለቁ ነበር?

አዋጁ ይላል፣ መሰናበቻ ወረቀት አግኝተው የተመለሱም አሉ። ብዙዎቹ ግን "ትንሽ ታገሱ" እየተባሉ እስከ መጨረሻው ነው የቆዩት፣ ተለቀው ከመጡት ውስጥ ደግሞ ተጠባባቂ ናችሁ ተብለው ወይ መንገድ ላይ ታፍሰው ድጋሚ የሄዱ ነበሩ። "ሁለት ዓመት ብለው ሰባት ዓመት" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አያጋንንም።

አፋቤት ላይ ምን ሆነ? ሁሉም ለምን ይጠቅሱታል?

ናደው ዕዝ የሚባለው ሰሜን ኤርትራ ናቅፋ ፊት ለፊት የነበረው ትልቅ ጦር በመጋቢት 1980 በጥቂት ቀን ውስጥ ተደመሰሰ። ከዛ በፊት፣ የካቲት ላይ፣ የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥቱ ትዕዛዝ ተረሽነዋል፣ ወታደሩ የሚወደው አዛዥ ነበሩና ይሄን በጭራሽ አልረሱም። ጦሩ ሲያፈገፍግ ታንኩና ካሚዮኑ ጠባብ መንገድ ላይ ተዘጋ፣ መሳሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ ተብሎ የራሳችን አውሮፕላን መጥቶ ደበደበው፣ እዛ ውስጥ ቁስለኛ ነበረ። የተረፈ ሰው ስለ አፋቤት ሲያወራ ሻዕቢያን ብዙም አይረግምም፣ ስለ አውሮፕላኑ ነው የሚያወራው።

ከዛ በኋላ ነገሩ ቁልቁል ነው፣ በዛው ወር መጨረሻ ላይ ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ተፈርሞ የምስራቁ ጦር ወደ ሰሜን ተነሳ ግን አልረዳም፣ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ 604ኛ ኮር ተመታ፣ ግንቦት 8 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግስት ሞክረው ከሸፈ፣ በዓመቱ ደግሞ 12 ጄኔራሎች ተረሸኑ፣ የካቲት 1982 ምፅዋ ወደቀች፣ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እዛው እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን አጠፉ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብላቴ የሄዱት መቼ ነው?

በ1983፣ ሊያልቅ ሲል። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ሲዳሞ ውስጥ ወዳለው ብላቴ ለስልጠና ተላከ። መንግሥቱ ግንቦት 13 ሲወጣም ብላቴ ያሉትን ተማሪዎች ልጎበኝ ነው ብሎ ነው ከአዲስ አበባ የተነሳው፣ አውሮፕላኑ ናይሮቢ ከዛ ሀራሬ ደረሰ። ተማሪዎቹ ሜዳ ላይ ቀሩ፣ የተወሰነው ወደ ቤቱ ተመለሰ፣ የተወሰነው በሞያሌ ወደ ኬንያ በእግሩ ገብቶ ስደተኛ ካምፕ ከረመና ከዛ አሜሪካ ካናዳ አውስትራሊያ ደረሰ። የነሱን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል ምክንያቱም የተማሩ ናቸው፣ ይጽፋሉ፣ ይናገራሉ። የገበሬው ልጅ ታሪክ ግን እንደዛ አልተጻፈም፣ ለዚህ ነው እኔም አብዛኛውን ቦታ ለሱ የሰጠሁት።

ግንቦት 1983 ላይ ያ ሁሉ ወታደር የት ገባ?

ኤርትራ የነበረው አስመራ ግንቦት 16 ስትያዝ ተበተነ፣ ብዙው በከረን አድርጎ ወደ ሱዳን ሄደ፣ ከሰላ ድረስ፣ በመንገድ ላይ በውሃ ጥም የወደቀው ብዙ ነው። የተማረከው ደግሞ ወደ ትግራይ ድንበር እየተባረረ፣ ከነቁስሉ፣ ከነሚስቱና ከነልጁ መጣ። ኢህአዴጎች ግንቦት 20 አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ጦሩ እንዳለ ፈረሰ፣ ወታደሩ ታጠቅና ጦላይን በመሳሰሉ ካምፖች ተሰብስቦ ተሃድሶ የሚባለውን ትምህርት ወስዶ ነው የተለቀቀው። ባህር ኃይሉ መርከቡን ይዞ ወደ የመንና ሳውዲ፣ ከአየር ኃይሉም አውሮፕላን ይዞ ወደ ጎረቤት ሀገር የሄደ አለ።

የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው ወደ ኑሮ እንዲመለስ የተደረገው፣ ገጠር ለገባው እህል፣ ዘር፣ አንዳንድ ቦታ በሬ ተሰጥቷል። ገበሬው ምንም ቢሆን መሬት ነበረው፣ ከተማ የቀረው ነው የከበደው፣ የ1984 እና 85 አዲስ አበባን የሚያስታውስ ሰው የወታደር ካፖርት ለብሶ በክራንች ቆሞ የሚለምነውን ሰው ያስታውሳል። ከሰባት ዓመት በኋላ የባድመ ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ከነዚሁ ሰዎች መድፈኛው፣ ፓይለቱ፣ መኮንኑ እንደገና ተጠራ፣ ሄዱም። ለምን ሄዳችሁ ስትሏቸው ጥያቄው ራሱ ይገርማቸዋል።

ብሔራዊ ውትድርና የሄደ ሰው ጡረታ አለው?

ባብዛኛው የለውም፣ የአገልግሎት ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ይጠይቃል፣ ብሔራዊ ውትድርና የሄደው ደግሞ እዛ የሚደርስ አይደለም። መደበኛ ወታደር ሆኖ የቆየና በጦርነት አካሉ የጎደለ ሰው ጉዳይ ለየት ይላል። ያላችሁን ማንኛውም ወረቀት፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የሆስፒታል ካርድ ሰብስባችሁ ጡረታ ቢሮ መጠየቅ ነው፣ ደላላ አያስፈልገውም፣ "እኔ አስጨርስላችኋለሁ" የሚል ካጋጠማችሁ ራቁት።

አባቴ ስለ ውትድርናው አያወራም፣ እንዴት ልጠይቀው?

መጀመሪያ "ሰው ገድለህ ታውቃለህ?" የሚለውን ከአፋችሁ አውጡ። እሱ ጥያቄ በሩን ይዘጋል፣ እሱን ለመመለስ የሚፈልግ አባት አላየሁም። ትንንሹን ጠይቁ፣ ጫማህ ምን ዓይነት ነበር፣ አለቃችሁ ከየት ነው፣ ስንቅ ማን ላከልህ፣ በየት በኩል ነው የተመለሳችሁት፣ የጓደኛህ ስም ማን ነበር። የጓደኛ ስም ላይ ሲደርስ ብዙ ሰው ይከፈታል፣ አንዳንዱም እዛው ላይ ያቆማል፣ ካቆመ ተዉት፣ ሻይ ቅዱ፣ ሌላ ቀን ይመጣል።

ቪዲዮ ካሜራ ፊቱ ላይ ደግናችሁ አትጀምሩ፣ የውጭ ሀገር ልጆች ይሄን ይወዳሉ፣ ለክረምት መጥተው በሶስት ቀን ሁሉን ቀድተው ሊሄዱ ያስባሉ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ድምፅ ብቻ ቅዱ፣ ፈቃድ ግን ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ሌላ ዘማች ባለበት ማስወራት ነው፣ ሁለቱ ሲገናኙ እናንተ ጠያቂ መሆናችሁም ይቀራል፣ እነሱ ይከራከራሉ እናንተ ትሰማላችሁ።

ብዙዎቹ "አልተሸነፍንም፣ ተሸጥን" ይላሉ፣ እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። አንድ የጦር ክፍል ላይ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩና የደህንነቱ ሰው ሶስቱም አለቃ ነበሩ፣ አዛዡ እንዋጋ ወይ እናፈግፍግ ሲል ሁለቱ ወደ ላይ ሪፖርት ይጽፉበታል። ልምድ ያላቸው ጄኔራሎች ተገደሉ። ሶቭየቶች መሳሪያ መስጠት እያቆሙ መጡ። በመጨረሻው ሰዓት የተላከው ልጅ ጠመንጃ አያያዙን ሳያውቅ ነው የተላከው። መሪው ደግሞ ጥሎ ሄደ። ይሄን ሁሉ ያየ ወታደር ተሸጥን ቢል አልፈርድበትም።

ሌላው ግማሽ ግን አለ፣ እሱን አያወሩትም። ከፊታቸው የነበረው ሰው በደንብ ይዋጋ ነበር፣ ለምን እንደሚዋጋም ያውቅ ነበር፣ እና ጦርነቱ በወታደር የሚያልቅ ዓይነት አልነበረም። የመኮንኖቹን መጻሕፍት ስታነቡም ይሄን ልብ በሉ፣ ጥፋቱ ሁሌም ከጸሐፊው በላይ ያለ አለቃ ወይ ጎኑ ያለ ክፍል ነው። ተራ ወታደሩ ቢያንስ "እኔ ሸሽቻለሁ" ይላል፣ እየሳቀም ቢሆን ይላል።

ሰላማዊ ሰው ላይ ስለደረሰው ነገርስ? አባቴ ነበረበት ይሆን?

ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ነው የሚጠይቀው። የሆነ ነገር ሆኗል፣ ግንቦት 1980 ኤርትራ ውስጥ ሽዕብ ላይ የመንደር ሰው በጦሩ ተጨፍጭፏል፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ትግራይ ውስጥ ሐውዜን በገበያ ቀን በአየር ተደብድባለች። እነዚህን አልሆኑም ማለት አይቻልም፣ ያን ቀን እናቱን ያጣ ሰው ዛሬ በህይወት አለ፣ ምናልባት አማርኛም ያነባል።

ግማሽ ሚሊዮን ሰው በነበረበት ጦር ውስጥ አባታችሁ እዛ የመኖሩ ነገር በጣም ጠባብ ነው፣ ክፍሉንና ዓመቱን ካወቃችሁ ብዙውን ጊዜ እንዳልነበረ ማጣራት ይቻላል። ብዙዎቹ ታፍሰው የሄዱ ልጆች ናቸው፣ ይሄም እውነት ነው፣ ግን ታፍሶ መሄድ አንድን ሰው ከሁሉም ነገር ነጻ ያወጣዋል ብዬ አላምንም። ከጠየቃችሁት መልሱን ለመስማት ተዘጋጅታችሁ ጠይቁ፣ ካልተዘጋጃችሁ አትጠይቁ።

ከኤርትራው ሳዋ (እዛ ያለው የብሔራዊ አገልግሎት ማሰልጠኛ) ጋር ምን ለየው? ዛሬስ ኢትዮጵያ ውስጥ የግዴታ ውትድርና አለ?

የሚገርመው የኤርትራው አዋጅ በወረቀት ላይ ከደርጉ ያነሰ ነው፣ 18 ወር ነው የሚለው፣ 6ቱ ስልጠና። ከ1990ው ጦርነት በኋላ ግን ማብቂያው ጠፋ፣ ሰው ዓመታት ይቆያል፣ ሴቶችም ይሄዳሉ፣ በዛ ምክንያት የሚሰደደው ወጣት ለቁጥር ያስቸግራል። የደርጉ በ8 ዓመቱ ከነመንግስቱ ወደቀ። ከዛ ውጪ፣ "ትንሽ ታገሱ" የምትለዋ ነገር እዛም እዚህም አንድ ናት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬ እንደ ደርጉ ያለ ሁሉን የሚጠራ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የለም፣ መከላከያ የሚቀጥረው በፈቃደኝነት ነው ነው የሚባለው። በ2014 የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን እድሜው የደረሰና መሳሪያ ያለው ሰው ስልጠና እንዲወስድ የማዘዝ ስልጣን ሰጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ድሮ የታፈሱት ሰዎች ቤት የነበረው ድንጋጤ ሌላ ነበር፣ ልጆቻቸውን ወደ ዘመድ የላኩ አውቃለሁ፣ በ60 ምናምን ዓመታቸው "እኔ ልሂድ" ብለው የተመዘገቡም አውቃለሁ፣ አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ሰው ነው።

አጎቴ ሄዶ አልተመለሰም፣ አሁን ማግኘት ይቻላል? ተዝካርስ እናውጣ?

በህይወት ይኖራል የሚለው ተስፋ ጠባብ ነው፣ ግን ሱዳን ቀርተው ትዳር ይዘው ከብዙ ዓመት በኋላ የተገኙ ሰዎች ስላሉ ሰው ተስፋ አይቆርጥም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማህበር በጦርነት የተጠፋፋ ቤተሰብ የማፈላለግ አገልግሎት አለው፣ በነጻ ነው፣ ሄዳችሁ ማመልከት ትችላላችሁ። በፌስቡክና በቴሌግራም የድሮ የክፍል ጓደኞች ይገናኛሉ፣ እዛም ክፍለ ጦሩንና ዙሩን ጽፎ መጠየቅ አንዳንዴ ከመስሪያ ቤት ይሻላል።

ለውርስ ወይ ለትዳር ጉዳይ ከሆነ ግን በፍትሐብሔር ህጉ ወሬው ከጠፋ 2 ዓመት ያለፈው ሰው ዘመዶቹ ፍርድ ቤት አመልክተው የመጥፋት ውሳኔ ማሰጠት ይችላሉ፣ ብዙ ቤተሰብ ይሄን ሳያውቅ መሬቱ ላይ ዓመታት ይጣላል። ተዝካሩን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፣ አያታችሁ በህይወት ካሉ ደግሞ ከሳቸው ቀድማችሁ አትወስኑ። የድሮ ደብዳቤዎቹ ቤት ካሉ ከነፖስታቸው አስቀምጡ፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ብዙም አይናገርም፣ የጦር ክፍሉ ቁጥር ያለው ፖስታው ላይ ነው፣ ፍለጋውም ከሱ ነው የሚጀምረው።